ቁልፍ ቀራጩ አማቼና የኔ አፍ

የልጄን ባል የሚያውቀው ሁሉ «ቁልፌ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከኛ ቤት ሰው በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነው። ሱቁ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ያልተቀረጹ ቁልፎች ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፤ ከላይ ደረጃውን ሰው በወረደ ቁጥር ቅጭል ቅጭል ይላሉ። ሞርሳው፣ ሞረዱ፣ መቅረጫ ማሽኑና አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ፤ ንብረቱ ይኸው ነው።

ስለሱ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጀርባው ነው። ያወቅሁትም በጀርባው ነዋ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የቤቴ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ቀረብኝ። ጎረቤት ሮጦ አንድ ቀጭን ወጣት ይዞልኝ መጣ። ተንበርክኮ ሁለት ቀጫጭን ብረት አስገባና እኔ «እግዜር ይስጥህ» ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጀርባውን ለቤቴ ሰጥቶ ወደ መንገዱ እያየ ቆመ።

«ግባና ውሃ ጠጣ እንጂ ልጄ» አልኩት።

«ዛሬ ይቅርብኝ እማማ። በብረት የከፈትኩት ቤት አልገባም። ሌላ ቀን ጠርተውኝ እገባለሁ።»

ሌላ ቀን ጠራሁት፤ መጣ። ከዚያ ሳልጠራውም መምጣት አበዛ። ልጄን ወስዶ እስኪያርፍ ድረስ ማለቴ ነው። ኋላ እኔ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ሁለቱም መጥተው ዕቃዬን ጫኑና ከነሱ ጋር አኖሩኝ።

ከሱቁ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ጫማ ጠጋኝ አለ፤ ምላሱ ከወስፌው ይሾላል። «ቁልፌ እኮ ሚስቱ ቁልፍ ጠፋብኝ ብትለው መታወቂያሽን አሳዪኝ ይላታል» እያለ ያሾፍበታል። ነገሩ ከእውነት አይርቅም። «የማን በር ነው?» ሳይል አይቀርጽም። አንዴ ዘንጦ የለበሰ ሰው የቁልፍ ቅርጽ ሳሙና ላይ አትሞ ቢያመጣለት፣ ሳሙናውን ተቀበለና እጁን እስኪበቃው ታጥቦበት ቅርጹ ሲጠፋ «ይኸው ሳሙናዎ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ መለሰለት።

እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የሠራሁት። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው መዝገቡን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዳችን የሠራተኛ ቁጥራችንን ጮክ ብለን ተናግረን ነው የምንገባ። ሰውየው አንድ ጆሮው አይሰማም ነበርና ያንሾካሾከች ትመለሳለች። የኔ ቁጥር ሰባት ሁለት ዜሮ አራት ነበር። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ አርባ ሴት ባንድ አፍ እየጮኸች። ስለዚህ ዓይኔ ያየውን አፌ ካላለው ነገሩ አይገባኝም። ጋዜጣ ሳነብ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ቁጥር ስጽፍም እንደዚያው። ይህን ማንሣት ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው።

ቤታችን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረን። ልጄ የሰው ጽሑፍ እየተየበች ትሠራበታለች። ቁልፌ አዲስ የወጣ የበር መቆለፊያ ያይበታል። እኔ ሌላ ከተማ ካለችው ታናሽ እኅቴ ጋር ፊት ለፊት እየተያየን እናወራበታለን። ሚጢጢ ደግሞ፣ የልጅ ልጄ ናት፣ ያኔ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ሁላችንም ስንነሣላት ትቀመጥበታለች። አንድ ቀን እናቷ ለጥቂት ጊዜ ማድ ቤት ገብታ ብትመለስ፣ ሚጢጢ ሁለት ሰዎች በጩቤ ሲወጋጉ አፏን ከፍታ ታያለች።

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«እራሱ መጣ።»

ማታ ልጄ ለቁልፌ ነገረችው። በሳምንቱ አጋማሽ አንድ የኮምፒውተር አስተማሪ ቁልፍ ሊያስቀርጽ ቢመጣበት፣ ሰውየውን በጥያቄ አድርቆት ዋለ አሉ። ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ቤት ቀረ። ቅዳሜ እኮ የገበያ ቀኑ ናት፤ ለሠርጉ እንኳ የዘጋው ግማሽ ቀን ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከመኝታ ክፍል አውጥቶ ሳሎን፣ ከማድ ቤቱ በር ትይዩ አስቀመጠው። «ምድጃ አጠገብ የቆመ ሰው ሊያየው ይገባል» አለ። ቀጥሎ ለአራታችን አራት በር ሠራልን። እሱ በር ስላለው እኔም በር እላለሁ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አራት ሥዕል ይደረደራል፤ የሚጢጢ ቢራቢሮ፣ የኔ መቀስ። የሚጢጢ በር ሲነካ ይከፈታል፤ ውስጡ ግን አባቷ አይቶ የመረጠው ብቻ ነው ያለ፤ ሥዕል መሣያ፣ የፊደል ጨዋታ፣ የእንስሳት ፊልም። አንድ ሰዓት ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። የሦስታችን የትልልቆቹ በር ግን የይለፍ ቃል ካልጻፉ አይከፈትም። የካሜራውን ዓይን ሳይቀር ቁስል ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር ሸፈነው፤ ከእኅቴ ጋር ሳወራ ብቻ እንዴት እንደምገልጠው አሳየኝ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ባንክ አደረግኸው!» አለች ልጄ።

«ባንክማ ዘበኛው ይተኛል» አላት።

ሲጨርስ ሚጢጢን ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

«ስሚኝ ሚጢጢ። አባትሽ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ የማይከፈት ቁልፍ ግን እስከ ዛሬ አላየም። ይህም ይከፈት ይሆናል። የሚያስፈራሽ ነገር ካየሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አጠፋዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«መጥቼ እነግርሃለሁ።»

«ብቆጣስ?»

«አትቆጣም።»

«አትንኪ የተባልሽውን ነክተሽ ቢሆንስ?»

«አሁንም አትቆጣም!» ብላ ሳቀች።

አሥር ጊዜ አስባላት። እንደ ጨዋታ ነበር የሚያዩት፤ እኔም እንደ ጨዋታ ነው የሰማሁት። ከዚያ ሁሉ ቁልፍ እሱ የተማመነው በዚች አንዷ መሆኑን ያኔ አላስተዋልኩም።

ተራው የኔ ሆነ። «እማማ፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ይሁን። ለኔም እንዳይነግሩኝ» አለና እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። መነጽሬን አስተካክዬ ጣቴን ዘረጋሁና «ሰባት!» አልኩ።

«እማማ!» ሁለት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ። «በሆድዎ ይበሉት እንጂ!»

«በሆዴ መጻፍ አልተማርኩም እኮ ልጄ።»

ልጄ ማድ ቤት ውስጥ በሳቅ ፈረሰች። እሱም ሳቀ፤ ግን ሲስቅ ቆይቶ፣ «በሉ ሌላ ይምረጡና አፍዎን ዘግተው ይለማመዱ። ሚጢጢ አጠገብዎ ናት የምትውለው፤ አደራ» አለኝ።

«እስከ ዛሬ ያንተን አደራ በልቼ አውቃለሁ?» አልኩት።

ሌላ አልመረጥኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠራሁበት ቁጥር እያለ ሌላ ከየት አመጣለሁ? መለማመዱንም ነገ ነገ እያልኩ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ የተየበችውን ለባለቤቶቹ ልታደርስ ስትወጣ፣ ቤት የምንቆየው እኔና ሚጢጢ ነን። አሥር ሰዓት ሲሆን እኅቴ ትጠብቀኛለች። መቀሷን እነካና «ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አራት» እላለሁ፤ በሩ ይከፈታል። ሚጢጢ ምንጣፉ ላይ ተደፍታ ትሥላለች። የሚሥል ልጅ ጆሮ የለውም ብዬ ነዋ።

አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ላወርድ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴም ልብሷን ልታወርድ ወጥታ ኖሮ ወሬ ያዝን። ስለ ጉልበት ሕመም ነበር የምናወራው፤ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ልብሱን ታቅፌ ደረጃውን ስወርድ ሚጢጢ መሃል ላይ ተቀበለችኝ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«አያቴ፣ ገንዳው ውስጥ እጅ ነበረ። ልጅቷ ስትታጠብ እግሯን ያዛት።»

«የምን ገንዳ? የምን ልጅ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ። ባንቺ በር።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። «ማን ከፈተልሽ?»

«እኔ። ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አራት!»

የኔን ድምፅ ነበር ያወጣችው። ልክ ዘበኛው ፊት እንደቆመች፣ መጨረሻውን ከፍ አድርጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔ ከአፌ ወጥቶ የሕፃን አፍ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አጠፋሁት» አለችኝ። «አባ ሲመጣ እነግረዋለሁ።»

እንዲህ ነው ያለችው። የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች፤ አጥፍታለች፣ መጥታለች፣ ልትናገር ነው። እኔ ምን አልኳት? እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል።

«አይ፣ ለአባ አንነግረውም» አልኳት። «ይህ የኔና ያንቺ ምስጢር ነው። ከተናገርሽ አያትሽን ይቀየሟታል። አያትሽን ትወጃት የለ?»

ራሷን ነቀነቀች። ኪሴ ውስጥ የነበረች ከረሜላ ሰጠኋት። አፌን በቆረጠው!

ከማግሥቱ ጀምሮ ሚጢጢ መታጠቢያ ቤት አልገባም አለች። መጸዳጃውም እዚያው ነው። በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ትምህርት ቤት ልብሷን አርጥባ መምህሯ እናቷን አስጠራች። ልጄ ደንግጣ መጣች፤ ሁለቱም ይዘው ጠየቋት።

«ገንዳ ውስጥ እጅ አለ» አለች።

«የት አየሽው የኔ እናት?» አላት ቁልፌ።

«ኮምፒውተር ላይ።»

«እንዴት አገኘሽው?»

ሚጢጢ ወደኔ አየች። ከዚያ መሬት መሬት አየችና «ረሳሁት» አለች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ውሸቷ ይመስለኛል፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ቁልፌ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። የቢራቢሮዋን በር ፈተሸ፣ የራሱን ፈተሸ፣ የሚስቱን ፈተሸ። ምንም የለም።

«የእማዬንስ?» አለችው ልጄ።

«የእማማን በር እኔ አልከፍትም። ቃሉን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ደግሞም አደራ ብያቸዋለሁ።»

እኔ እዚያው ተቀምጬ የሚጢጢን ቀሚስ ጫፍ እየሰፋሁ ነው። ከመርፌው ቀና ብዬ አላየሁትም። «እስቲ ክፈተው» ማለት አፌን የሚከብደው ሆኖ አይደለም፤ ለፍላፊ አፍ ነው ያለኝ። ያን ቀን ግን ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ልዝጋህ ብለው እምቢ ያለኝ አፍ መዘጋት በማይገባው ቀን መዘጋቱን አወቀበት።

«እንግዲያስ እኔ ነኝ የሆነ ቦታ ክፍት የተውኩት» አለ ቁልፌ። ለራሱ ነው ያለው፤ ቀስ ብሎ።

ልጄ የልጇ ነገር ነውና አልታገሠችም። «የሰውን ቤት ስትቆልፍ ትውላለህ፣ የራስህ ቤት ወንፊት!» አለችው። ያችን ቃል ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመችለት፤ አንዴም እንግዳ ፊት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ሳምንት አለፈ። ጫማ ጠጋኙ ልጄ ልታሳድስ የሰጠችውን ጫማ ሊያደርስ መጣና በር ላይ ይዞኝ ቀረ።

«እማማ፣ ይህን ሰውዬ ምን አበላችሁት?»

«ምን ሆነ?»

«ትላንት ሱቁን ዘግቶ አምና ወደሠራው በር ሄደ። ሰዎቹ ምንም አልሆነብንም ቢሉት እስቲ ልፈትሸው ብሎ ፈታው። ዛሬም ሌላ ጋ ሄደ። እጄ ከድቶኛል ይለኛል። ‹አንተ፣ የከዳህ እጅህ ሳይሆን ጭንቅላትህ ነው› ብለው እንኳ አልሳቀ። እኔ ቀልጄ ያልሳቀ ሰው ይሞታል፣ እወቁበት።»

በማግሥቱ ልነግረው ተነሥቼ ሱቁ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን ስደረድር ነው የሄድኩ። ስደርስ በርጩማዋን አወጣልኝ፣ በእጅጌው ጠረገልኝ። አንድ ቁልፍ ሞርሳ ውስጥ አስሮ ይሞርዳል፤ ብርሃን ላይ ያያል፣ መልሶ ይሞርዳል። ድሮ አንዴ የሚያየውን አምስት ጊዜ ሲያይ ቆጠርኩት።

«በደኅና መጡ እማማ?»

«የ... የሣጥኔን ቁልፍ ትርፍ ልታወጣልኝ ብዬ ነው» አልኩት።

ሣጥኔ ተቆልፎም አያውቅ። ቢሆንም ቁልፉን አንገቴ ላይ ካሰርኩት ክር ፈትቼ ሰጠሁት። ሠርቶ፣ ጠርጎ፣ በክር አስሮ ሰጠኝ። «የማን ሣጥን ነው?» አላለኝም። ከደንበኞቹ ሁሉ ያልጠየቀው እኔን ብቻ ነው።

ያን ቀን ማታ ራት ሳይቀርብ ሚጢጢ ቀሚሴን ጎተተችና በጆሮዬ «አያቴ፣ እማ አባን የምትቆጣው በኛ ነው አይደል?» አለችኝ። ዝም በይ ማለት አቃተኝ፤ ተናገሪ ማለትም አቃተኝ። ፀጉሯን አሻሸሁላት።

እሑድ ምሳ ላይ ቁልፌ የመሣሪያ ሣጥኑን ከሱቅ ይዞ መጥቶ ኖሮ፣ ጥግ ላይ አኑሮታል። ልጄ አየችው።

«ሣጥኑ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ከእንግዲህ የቤት በር አልሠራም» አለ። «ትርፍ ቁልፍ እቀርጻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ልጄ የምትውልበትን ያልዘጋሁ ሰው፣ የሰው ልጅ የሚተኛበትን በምን እምነት እዘጋለሁ?»

ልጄ ማንኪያዋ በእጇ ቀረ። ያን ሁሉ ስትናገረው እዚህ ያደርሰዋል ብላ አልነበረም። ሚጢጢ ቀና ብላ አየችኝ። የልጅ ዓይን እንደዚያ ሲያይ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። አትከስስም፤ ትጠብቃለች።

ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ዘበኛው ፊት ቆመን ነበር የምንናገረው፣ ለዚያ ይሆናል።

«ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ አራት» አልኩ። «የኔ በር ነው። ሚጢጢ ከአፌ ሰምታ ነው የከፈተችው። ያንተ እጅ ምንም አልበደለም።»

ልጄ «እማዬ!» ብላ ቀረች። ቁልፌ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሚጢጢ ልትነግረኝ ነበር?»

«አዎ። ያኑ ዕለት። እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት።»

ቁጥሩን ስናገር ፊቱ አልተለወጠም ነበር። ይህን ስናገር ግን ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ እዚያው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ድሮ ያ ጀርባ ክብር ነበር፤ ያን ዕለት ምን እንደነበር እሱ ያውቃል። ልጄ ምግቡን ማንሣት ጀመረች፤ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ሲመለስ ሚጢጢን አቅፎ ከፊቴ አስቀመጣት።

«እማማ፣ ለሷ ይንገሯት» አለኝ። ድምፁ አልጨከነም፤ አልለሰለሰምም።

ነገርኳት። «አያትሽ አጥፍታለች። አንቺ ልክ ነበርሽ። ዝም በይ ያልኩሽ ስለፈራሁ ነው። ከእንግዲህ ማንም፣ እኔም ብሆን፣ ለአባ አትንገሪ ቢልሽ መጀመሪያ የምትነግሪው እሱኑ ይሁን።» ሚጢጢ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፤ «ከረሜላውን በላሁት» አለችና አለቀሰች።

ሰኞ ቁልፌ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ሱቁ ሄደ። መታጠቢያ ቤቱን ደግሞ ከሚጢጢ ጋር ሦስት ቀን ሲፈትሹ ሰነበቱ፤ ገንዳውን በባትሪ እያዩ፣ መውረጃውን ፈትተው እያሳያት። በአራተኛው ቀን በሩን ክፍት አድርጋ ገባች፤ ወር ሲሞላ ዘጋችው።

ለኔ አዲስ ቁጥር አስመረጠኝ። «ስፌት ላይ ስፒል በከንፈርዎ ሲይዙ አይናገሩም አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስፒል ይዤ ማንም አያናግረኝም። ልጄ ከስንት ቀን በኋላ ያን ዕለት ፈገግ ብላ «ደግሞ ዋጥኩት እንዳትይን» አለችኝ። እስከ ዛሬ ቁጥር የምጽፈው ስፒል በከንፈሬ ይዤ ነው።

ቁልፌ ዛሬም እማማ ይለኛል፤ ዛሬም በርጩማዋን በእጅጌው ይጠርግልኛል። ይቅር ብሎኛል መሰለኝ። ያሠራሁት ትርፍ ቁልፍ ከዋናው ጋር አንገቴ ላይ አለ፤ አንድም ቀን ሣጥኑን ቆልፌበት አላውቅም።

ከዚያ ነገር በኋላ ስድስት ወር ቢሆን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ሚጢጢ በቢራቢሮዋ በር ሥዕል ስትሥል ድንገት ደንገጥ ብላ ማያውን አጠፋች። እኔ በመንገዷ ላይ፣ ወንበሬ ላይ ነኝ። አባቷ ግቢ ውስጥ ነው።

«ምን አየሽ የኔ ልጅ?» አልኳት።

ቆም አለች። አላኮረፈችኝም፤ አልፈራችኝም።

«ለአባ ነው» አለችኝ።

እግሬን ሰብሰብ አድርጌ አሳለፍኳት።